የታመመ ጸሐፊ የሚጠይቀው እርዳታ ሳይሆን የሠራበትን ነው!

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገሬ ሰው። እኔም ዛሬ አልሸሽግም። ስኳር አለብኝ። ኮሌጅ እያለሁ ነው የያዘኝ፤ ኪኒን የሚውጡለት ሳይሆን በየቀኑ ኢንሱሊን የሚወጉለት ዓይነቱ። ግራ እግሬም ከጉልበት በታች የለም። ሩዝ ማሳ ውስጥ ስንጥር ወግቶኝ የጀመረ ቁስል ነው በ2010 ዓ.ም. ያስቆረጠኝ። የምኖረው ፎገራ፣ ወረታ ከተማ፣ እናቴ ቤት ነው። እንጀራዬ ጽሑፍ ነው። ቋሚ ቅጥር የለኝም፤ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ፣ ፍሪላንስ የሚሉኝ ነኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሐዘንማ ሞልቷል! አንድ ጋዜጠኛ ወይም ደራሲ አልጋ ሲይዝ በአገራችን የሚደረገውን ታውቁታላችሁ። ፎቶግራፉ ይወጣል፣ «ወገን ድረስለት» ይባላል፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይከተላል። ሕዝባችን ደግ ነው፣ ካለችው ላይ ቆርሶ ይሰጣል፤ እግዜር ይስጥልን። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ሰው በጤናው ጊዜ የጻፈባቸው ጋዜጦችና መጽሔቶች የስንት ጽሑፍ ክፍያ ይዘውበት ነበር? ይህን የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

የኔን ውሎ ላሳያችሁ። ጠዋት ስኳሬን እለካለሁ፣ መለኪያው ወረቀት ካለ። እወጋለሁ፣ እበላለሁ። የፎገራ እንጀራ እንደምታውቁት ጤፍ ብቻ አይደለም፤ ሩዝ ይቀላቀልበታል፤ ሩዝ ደግሞ ስኳርን ሽቅብ ያስፈነጥረዋል። ለመጻፍ የሚሆን አእምሮ የማገኘው ከቁርስ በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ነው። ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ይደክማል፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይርመሰመስብኛል። አንዳንዴ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ላብ ያጠምቀኛል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ የጀመርኩት ዓረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹ ይጠፋኛል። አንድ ቀን ወረታ መናኸሪያ እንዲህ ሆኜ ብቀመጥ «ጠዋት ጠጥቶ ሰክሮ ነው» ብለው አለፉኝ። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት «ወንድም ዓለም፣ ምን ሆንክ?» ብላ ስኳር የበዛበት ሻይ ባትሰጠኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

ኢንሱሊን ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ማቀዝቀዣ የለንም፤ ቢኖረንም መብራቱ አይታመንም። እናቴ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ትንሽ ማሰሮ አስቀምጣ፣ መካከሉን በርብ ወንዝ አሸዋ ሞልታ ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣዋለች። ውሃው በሸክላው በኩል ሲተን ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። የኔ ፍሪጅ ይህ ነው። መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1923 የባለቤትነት መብቱን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ነበር የሰጡት፤ ማንም ሰው እንዳያጣው ብለው! ከመቶ ዓመት በኋላ እኔ ለአንዲቷ ብልቃጥ የሁለት ጽሑፍ ክፍያ እጠብቃለሁ።

«ታዲያ ለምን ሌላ ሥራ አትሠራም?» የሚሉኝ አሉ። ምን ልሥራ? በአንድ እግር ሩዝ አልተክል! ደግሞስ ለምን እተዋለሁ? ፎገራ የአለቃ ገብረ ሃና አገር ናት፤ ቃል ሰውን እንደሚያኖርም እንደሚያስቀስፍም ከድሮም የምናውቅ ሰዎች ነን። የእንግሊዙ ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ ስኳር በሽተኛ ነበር። ልቦለዱን ይጽፋል፣ ስኳሩን ያስታምማል። እ.ኤ.አ. በ1934 ከሐኪሙ ከዶክተር ሎረንስ ጋር የስኳር ሕሙማን ማኅበር ሲያቋቁም የተጠቀመበት መሣሪያ ሥራው ያው ጽሑፍ ነበር፤ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ። አሜሪካዊቷ ፍላነሪ ኦኮነርም ሉፐስ በሚባል በሽታ ተይዛ እናቷ እርሻ ገብታ በክራንች እየሄደች በየጠዋቱ ትጽፍ ነበር። በ39 ዓመቷ ሞተች፤ ሁለት ልቦለድና ከ30 የማያንሱ አጫጭር ታሪኮች ትታ።

ከዚህ በላይ ግን አንድ ነገር አለ። በሽተኛ ጸሐፊ ጤነኛው የማያየውን ያያል፣ ሰልፍ ላይ ስለሚውል! በ1997 ዓ.ም. በኛ ወረዳና በጎረቤታችን ሊቦ ከምከም ሰው እየከሳ፣ ሆዱ እያበጠ፣ ትኩሳት እየጨረሰው ያልቅ ነበር። መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተባለ። ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። እኔ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ሳስበው የሚቆጨኝ፣ እዚያ የጤና ጣቢያ ሰልፍ ላይ ተቀምጦ «ኧረ ይህ ወባ አይመስልም፣ የወባ መድኃኒት የወሰዱት ሁሉ እየሞቱ ነው» ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው። አዲስ አበባ ያለ ዘጋቢ ይህን ከየት ያየዋል? መግለጫ ሲሰጥ ይመጣል እንጂ!

ወደ ሕጉ ልምጣ። ሕግ አልጎደለንም፣ ተመስገን ነው። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ በችሎታው እንዲቀጠር፣ አሠሪውም የሥራ ቦታውን እንዲያመቻችለት ያዛል። የሕንፃ አዋጁ 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ የሚገባበት መንገድ ይኑረው ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ደግሞ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወራት ግማሽ እንዲከፈለው፣ ከዚያም ሦስት ወር ያለ ክፍያ ሥራው እንዲጠበቅለት ይደነግጋል። ደስ ይላል አይደል? ችግሩ እዚያው አዋጅ ላይ ነው፤ በራሱ የሙያ ኃላፊነት በክፍያ የሚሠራን ሰው አልመለከትም ይላል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስታመም ሠራተኛ አይደለሁም፤ ጽሑፍ ሳዘገይ ግን «የኛ ሠራተኛ» ነኝ!

አንድ ጊዜ ያልተከፈለኝን ልጠይቅ አዲስ አበባ ወርጄ ነበር። ስሙን የማልጠራው ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለም። በክራንች ወጣሁ። ገንዘብ ያዡ «ነገ ተመለስ» አለኝ።

መድኑስ? እዚህ ላይ ፎገራ ታሪክ አላት። በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገሪቱ 13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩ የተመረጡት። ሐሳቡን አላጣጥልም። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ ያዋጣል፣ ከዚያ ሲታመም ኪሱን ሳይነካ ይታከማል። ለኔ ቢጤ ቀጣሪ ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣም፤ እናቴም መዋጮዋን አጓድላ አታውቅም። ነገር ግን ደብተራችሁን ይዛችሁ፣ ተሰልፋችሁ፣ ካርድ አውጥታችሁ፣ ሐኪሙ ጽፎላችሁ መድኃኒት መስኮቱ ጋ ስትደርሱ የምትሰሟት ቃል አለች፦ «የለም፣ ከውጭ ግዛ!» ከውጭ የሚገዛ ብር ያለው ሰው መጀመሪያስ ምን ሊሠራ ተሰለፈ?

ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሆነውን ደግሞ ክልሉ ያውቀዋል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ያኔ ግን እንደ ባሕር ማዶ ራቀን። ኢንሱሊኔን ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ ቀናንሼ የተወጋሁበት ጊዜ ነበር፤ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም፣ ሊገድል ይችላል። ጽሑፌን በስልክ ቃል በቃል እያነበብኩ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ ይጽፍልኝ ነበር። ተኩስ ያቆሙም ሆኑ ተኩስ የቀጠሉ ወገኖች፣ አንድ የመድኃኒት መኪና ያለ ጥያቄ እንዲያልፍ ማድረግ ያን ያህል ከባድ ነበር?

መንግሥትን መክሰስ ለኛ ለግል ፕሬሶች ለምዶብናል፤ ደግሞም ይገባዋል። ርዕዮት ዓለሙ ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. ታስራ ጡቷን ስትታመም፣ ተመስገን ደሳለኝ ከ2007 እስከ 2010 ዓ.ም. እስር ቤት ወገቡንና ጆሮውን ሲታመም፣ «ሕክምና መብት ነው!» ብለን ጮኸናል። ልክ ነበርን። ያ መብት ግን ከእስር ቤት አጥር ውጪም ይሠራል ብዬ አምናለሁ፤ የኛው ጋዜጦች ሒሳብ ክፍል ድረስ። እስረኛው ጋዜጠኛ እንዲታከም የሚጮኸው አዘጋጅ፣ ውጪ ያለው ጸሐፊ ኢንሱሊን የሚገዛበትን ክፍያ ሦስት ወር ሲያንከባልል ምን ይባላል? ወረቀት ተወደደ፣ ማስታወቂያ ጠፋ፣ አዟሪ ገንዘብ ይዞ ቀረ… ሁሉንም አውቃለሁ። ማተሚያ ቤቱ ግን ቅድሚያ ሳይከፈለው አንድ ገጽ አያትምም። መጨረሻ የሚከፈለው ጸሐፊው ብቻ ለምን ይሆናል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጽሑፉ በታተመ በሳምንቱ ይከፈል። በሽተኛ መሆኑ የሚታወቅ ጸሐፊ ጽሑፉን የሚያስረክብበት ቀን ቀድሞ ይነገረው፣ ማታ ተደውሎ «ለነገ ጠዋት» አይባል። ስብሰባ ከሆነ ምድር ቤት ይሁን፣ ወይ በስልክ። ጸሐፊዎችም ብንሆን ከየክፍያችን ጥቂት ጥቂት እየቀነስን እንደ እድር ብናስቀምጥ፣ አንዱ ሲወድቅ ፎቶግራፉን ይዘን አደባባይ አንወጣም ነበር። እድር ለቀብር የማያንስ ሕዝብ ለመታከሚያ እንዴት ያንሰዋል?

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለአዘጋጁ በስልክ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ጻፈዋ» አለኝ። «እናንተንም ይነካል እኮ» ብለው «ርዕሰ አንቀጽ አድርገህ ጻፈው፣ እኛንም ጨምረህ» አለ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ አላማውም። ጠዋት ጠዋት በሦስት ቀን ጻፍኩት። ያለፉት የሁለት ጽሑፎቼ ክፍያ ግን ይህን እስክልክ ድረስ አልገባም።