ማታ ያጠናው ጠዋት የት ይገባል?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ መድኃኒት ጀምሮ መውደቁን ሲተው ቤተሰቡ እፎይ ይላል። ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ ጭንቀት ይመጣል። ማታ በቃሉ ይዞት የተኛውን ትምህርት ጠዋት ሲጠየቅ ያጣዋል፤ ሱቅ ሲላክ የታዘዘውን ይረሳል፤ ውጤቱም እያሽቆለቆለ ይሄዳል። ከትምህርት ቤት የሚመጣው ፍርድ አጭር ነው፦ «ሰነፍ ነው፤ ልቡ እዚህ የለም።» ይህን ፍርድ አጥብቄ እቃወማለሁ። ልጁ የሚወቀሰው በሕመሙ ነው።

በአንጎላችን ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ በላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል አለ። የሰማነውና ያየነው በትውስታ እንዲቀመጥ የሚያደርገው እሱ ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሄንሪ ሞላይሰን ለተባለ የሚጥል በሽታ ታማሚ ይህ ክፍል በአብዛኛው በቀዶ ሕክምና ወጣለት። ሕመሙ ቢቀንስለትም፣ በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ የተዋወቀውን ሰው ማስታወስ ተስኖት ኖረ። የብዙ ሰዎች የሚጥል በሽታ የሚነሣው ከዚሁ አካባቢ ነው፤ ትውስታቸው ቢጎዳ ምን ይደንቃል?

ሳይጥል የሚመጣም ዓይነት አለ። ልጁ ሳይወድቅና ሳይንቀጠቀጥ ለጥቂት ሴኮንዶች ዓይኑ ፈጦ ይቀራል፤ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይቀጥላል። ይህ በቀን ደጋግሞ ሲመጣበት መምህሩ ስለ ክፍልፋይ ያስረዳው መሀል መሀሉ ይጎድልበታል። ከውጭ ለሚያይ ግን «እያለመ ነው» ያስብላል።

መድኃኒቱም ድርሻ አለው። በእኛ አገር በስፋት የሚታዘዘው ፊኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ የብዙዎችንም ሕይወት ታድጓል፤ አንዳንዱን ልጅ ግን ያፈዝዛል፣ ሌላውን ያቅበጠብጣል። ወላጆች እዚህ ላይ እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ፦ መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ተከታታይ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። መጠኑን የሚያስተካክለው ወይም የሚቀይረው ሐኪሙ ነው። ትምህርቱ እንዲይዝለት ብለው ልጁን ሌሊት እያስነሡ ማስጠናትም ይቅር። የእንቅልፍ እጦት ሕመሙን ይቀሰቅሳል፣ የተማረው ሥር የሚሰደውም በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከ1,000 ሰው 5 ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት አግኝተዋል። ስለዚህ ትልልቅ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች የሉም ማለት አንችልም። ብዙዎቹ አእምሯቸው ብሩህ ነው፣ ከክፍል አንደኛ የሚወጡም አሉ። የሚቸገሩት ግን ሽምደዳን በሚያስቀድም ትምህርታችን ውስጥ ይበልጥ ይቸገራሉ፤ ፈተናው የሚለካው ሕመማቸው የነካውን ነገር ነውና።

መምህር ሊያደርግ የሚችለው ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁን ፊት ወንበር ያስቀምጠው። ትእዛዙን አንድ በአንድ ይስጠው፣ በቃል የተናገረውንም ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። የትናንቱን ትምህርት ዛሬ አስታውሶት ወደ አዲሱ ይለፍ። ሕመሙ በተነሣበት ማግስት አይፈትነው፤ ድካሙና ግራ መጋባቱ አብሮት ሊያድር ይችላልና። ዱላና ስድብ ደግሞ ለማንም ልጅ ትውስታ ሰጥተው አያውቁም።

ወላጅም ይህን ለመምህሩ መንገር አለበት። መደበቁ ከሐሜት ያድነው ይመስላል፣ ነገር ግን ልጁን ያለ ጠበቃ ያስቀረዋል። ጤና ጣቢያዎቻችንም በክትትል ቀን «ስንት ጊዜ ጣለው?» ብለው ካርድ መሙላት ብቻ አይበቃቸውም። «ትምህርቱስ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ መልሱንም ይመዝግቡት። ሕመሙ ቀርቶለት ከትምህርቱ የቀረ ልጅ ገና አልታከመም።