ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዳር ጭቃ?

በዚህ ሳምንት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ከሐረር የተላከው ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ጸሐፊዋን ሊያስታውቅ የሚችለውን አውጥቼ፣ አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ ነው። ዕድሜዬ 28 ነው። በባዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪዬን ይዤ በአንድ የትምህርት ተቋም አስተምራለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስላረፈ ያሳደገችኝ እናቴ ናት። የደም ግፊት አለባት፤ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም።

አምስት ዓመት አብሮኝ የቆየ፣ የምወደው ልጅ አለ። ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፤ ሠርጋችን ለጥር ተቆርጧል። ጣጣው የመጣው ባለፈው ወር ነው። አውሮፓ ውስጥ ለአራት ዓመት የዶክትሬት ትምህርት አመልክቼ ነበርና ተቀበሉኝ። ወጪውን እነሱ ይችላሉ። የማጠናው ሣሩ፣ ሸርጣኑና ቀንድ አውጣው የባሕር ዳርን ረግረግ እንዴት እንደሚሠሩትና እንዴት እንደሚያፈርሱት ነው። መልስ ለመስጠት የቀረኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው።

ለእናቴ ስነግራት ‹ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዳር ጭቃ ተምረሽ የት ልትሠሪበት ነው? ሕክምና ቢሆን ባልከፋ› አለችኝ። መልስ አጣሁ። ለእጮኛዬ ደግሞ እስካሁን ትንፍሽ አላልኩም። ምክንያት አለኝ። አባቱ ሐረማያ ሐይቅ ዳር የጫት ማሳ አላቸው፤ ሐይቁን በሞተር ሲስቡ ከነበሩት አንዱ እሳቸው ናቸው። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በዚያው ሐይቅ የተነሳ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አባቴ ወስዶ አሳይቶኛል። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ከእናቴ ጋር በዚያ ስናልፍ፣ ውሃው የነበረበት ላይ ከብት ይግጣል። እናቴ ‹እንኳን አባትሽ ይህን አላየ› አለች። አንድ ቀን ይህንን ለእጮኛዬ ሳጫውተው ‹ሐይቁን እኛ በላነው ልትዪ ነው?› ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ የሥራዬን ነገር አላነሳበትም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ምክርዎን እሻለሁ።

ሁለት ልብ፣ ከሐረር»

ውድ ሁለት ልብ፣

ከእናትሽ ጥያቄ ልጀምር፤ የብዙ ሰው ጥያቄ ነውና። እርግጥ ነው፣ ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ቢሆንም ሐረር ለዘመናት ስትነግድ የኖረችው በዘይላ ወደብ አልነበረም እንዴ? ዛሬም በጎረቤታችን በጅቡቲ ጠረፍ ማንግሮቭ የሚሉት ዛፍ እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ቆሟል። ሥሮቹ ከጭቃው እንደ እርሳስ ሽቅብ ብቅ ብለው ይተነፍሳሉ፤ የማዕበሉን ጉልበት ይሰብራሉ፤ ደለሉን ያስቀራሉ። ሸርጣኑ ጉድጓድ ሲምስ ጭቃው አየር ያገኛል። ብርድ አገር ዛፉ አይበቅልም፤ እዚያ ሣሩ ነው ሠራተኛው። ውሃውን ያዘገየዋል፣ አፈሩ ይሰክናል፣ መሬቱ ከፍ እያለ ይሄዳል። በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ሰው ዓሣውን አጥምዶ ሲያሳንሰው፣ ዓሣው ይበላው የነበረ ሸርጣን በዝቶ፣ ሣሩን በልቶ ጨርሶ፣ ረግረጉ የተናደበት ቦታ አለ። እንደነዚህ ያሉትን ፍጥረታት ሦስት ሳይንቲስቶች በ1994 እ.ኤ.አ. ‹መሐንዲሶች› ብለዋቸዋል።

ይህ ለእናትሽ ከራቃቸው፣ የጣናን ነገር አንሺላቸው። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሚባል አንድ አረም ያንን የሚያህል ሐይቅ ምን እንዳደረገው አገር ያውቃል። ወይም የቤታቸውን ምሳሌ ውሰጂ። በጀጎል ግንብ ላይ የጅብ ቀዳዳ አለ። ማታ ጅቡ ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ለቃቅሞ ይወጣል። ፍጥረት የሰውን መኖሪያ ሲያሰናዳ ከሐረር ሰው በላይ ማን አይቷል? ትምህርትሽ ይኸው ነው በያቸው።

ነገር ግን አንድ ነገር ልቆጣሽ። የሐረማያን ሐይቅ በአንድ ሰው ሞተር አታድርቂው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሲደርቅ ምክንያቱ ብዙ ነበር። ጫትና አትክልት አጠጪው ስቦታል፤ ከተራቆተው ተራራ የወረደ ደለል ሞልቶታል፤ ሐረር ራሷ ለዓመታት ከእሱ ጠጥታለች። እህቴ፣ በልጅነትሽ ቤታችሁ የተቀዳው ጀሪካን ከየት የመጣ ይመስልሻል? እጮኛሽ የተቆጣው ስለዋሸሽው አይመስለኝም፤ ከሁሉም መካከል አባቱን ብቻ ነጥለሽ ያስቆምሽ መስሎት ይሆናል።

ደግሞም በ2012 ዓ.ም. ገደማ ውሃው ተመልሶ ታይቷል። ዝናቡ ረድቷል፣ የተራራው እርከንም እንዲሁ። የመጣው እንዲቆይ የጫት ገበሬው ካልፈቀደ ሺህ ዶክተር ቢመጣ ከንቱ ነው። ስለዚህ አማችሽ ለሙያሽ ጠላት አይደሉም፤ ከማንም በፊት የሚያስፈልጉሽ ሰው ናቸው። በሌላ በኩል አንቺም ‹ተምሬ ሐረማያን አድናለሁ› ብለሽ ለማንም ቃል አትግቢ። ሐይቅ ማዕበል የለውም፣ ጨው የለውም። ከባሕር የምታመጪው መፍትሔውን ሳይሆን አጠያየቁን ነው።

አሁን ወደ ውሳኔው። ከዓመታት በፊት እንዳንቺ ላለች ልጅ በዚሁ አምድ ‹ትዳርሽን ያዢ፣ ትምህርት ይደርሳል› ብዬ መለስኩ። ትዳሩም ቀና፣ ልጆችም መጡ። ትምህርቱ ግን አልደረሰም። ኋላ የጻፈችልኝ ደብዳቤ ወቀሳ አልነበረበትም፤ እሱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። ስለዚህ ከጠየቅሽኝ ሂጂ እልሻለሁ። አካሄድሽ ግን እንዲህ ይሁን።

አንደኛ፣ ለእጮኛሽ በዚህ ሳምንት ንገሪው። በርጫ ላይ አይሁን፣ ጓደኞቹም አይኑሩ። ስለ ሐይቁ የተናገርሽውንም አንስተሽ ይቅርታ ጠይቂው። ቢከፋው አትደንግጪ፤ ወር ሙሉ መደበቅሽ ከመሄድሽ ይልቅ ሊያመው ይችላል። ሠርጉ በጥር ይሁን ወይስ ይቆይ የሚለውን ለብቻሽ አትወስኚ።

ሁለተኛ፣ ለተቀበሉሽ መምህር ጻፊ። ጅማሬው ጥቂት ወር ይገፋ እንደሆነ፣ ከጥናቱ አንዱ ክፍል ሐረማያ ላይ ይሠራ እንደሆነ፣ ባል ይዞ መምጣት ይቻል እንደሆነ በግልጽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከመሥሪያ ቤትሽ የትምህርት ፈቃዱን በጽሑፍ ያዢ። የግዴታ ውሉን ሳታነቢ አትፈርሚ፤ ዋስ የሚሆንሽም ሰው አብሮ ያንብበው።

አራተኛ፣ እናትሽ። የግፊት መድኃኒታቸውን ማን ይገዛል? ሌሊት ቢያማቸው ማንን ይጠራሉ? ‹አይዞሽ› ማለት አይበቃም። ስም ያለው ዘመድ ወይም ጎረቤት ተነጋግረሽ፣ እሺ አስብለሽ ነው መሄድ።

ይህን ሁሉ አድርገሽ እሱ ‹ወይ እኔ ወይ ጭቃው› ካለሽ ያን ጊዜ ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ሳትጠይቂው አትፍረጂበት። ሦስቱ ሳምንት ሳያልቅ ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ።

ቸር ያሰማን።