2048 ምን?

ኮላ ድባ ገበያ ላይ አንድ ሰው እህል ሻጭ ፊት ቆሞ «ሦስት ስጪኝ» ቢል የሚያገኘው እህል ሳይሆን ጥያቄ ነው። «ሦስት ምን? ኪሎ ነው ጣሳ?» ሻጯ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሰች ልትሆን ትችላለች። ቁጥር ብቻውን ምንም እንዳልሆነ ግን ታውቃለች። ገምታ ሦስት ኩንታል ጤፍ አታሸክምም፣ ገምታ ሦስት ፍሬ ሽምብራም አታስጨብጥም። ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትሰፍራለች።

በዓለም ላይ አሉ የተባሉ ባለሙያዎች የሠሩት ሶፍትዌር ግን ይህን አያደርግም። ባዶ ቁጥር ሲሰጡት ዝም ብሎ ይቀበልና ራሱ በመረጠው መለኪያ ይተረጉመዋል። ከዚያ የሚመጣውን ጣጣ የሚሸከመው ቁጥሩን የጻፈው ሰው ነው።

ነገሩን ለማየት ከቨርቹዋል ማሽን የተሻለ ምሳሌ የለም። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ኮምፒውተር ነው። ዊንዶውስ ላፕቶፕ ያለው የጎንደር ተማሪ ሊኑክስ መማር ቢፈልግ ሁለተኛ ላፕቶፕ አይገዛም። በዚያው ላይ ቨርቹዋል ማሽን ይፈጥራል። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶችም አንዱን ሰርቨር ለብዙ ሥራ የሚከፋፍሉት በዚሁ ዘዴ ነው። ማሽኑ ሲፈጠር ከሚነሱት የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ «ከባለቤቱ ራም ምን ያህል ይቆረስለት?» የሚል ነው። ኮማንድ ላይን በሚባለው ጥቁር የትእዛዝ መስኮት ላይ መልሱ በአንድ ቁጥር ይጻፋል። 2048 እንበል።

2048 ምን?

ኪውኢሙ የሚባለው ታዋቂ የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም 2048 ሜጋባይት ብሎ ይረዳዋል፣ ማለትም ሁለት ጊጋ። ጥሩ። ቨርሽ የሚባለው መሣሪያ ደግሞ እነዚያኑ የኪውኢሙ ማሽኖች ለማስተዳደር የሚያገለግል ነው። የማሽኑን ሜሞሪ ቀይር ተብሎ ሲታዘዝ ያንኑ 2048 በኪሎባይት ይቆጥረዋል። ሁለት ሜጋ ሆነ ማለት ነው። ዶከር፣ ቨርቹዋል ማሽን ባይሆንም የቅርብ ዘመዱ፣ በባይት ይቆጥረዋል። የራሱ ቨርቹዋል ማሽን ያለው ጃቫም የሜሞሪ ጣሪያውን በባይት ይቆጥራል። 2048 ባይት ምን ያህል ነው? በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 680 ያህል ፊደል ነው። ይህች ጽሑፍ ገና እዚህ ሳትደርስ ያን አልፋለች።

ያው ቁጥር ነው። አጻጻፉም ያው ነው። በኪውኢሙና በዶከር መካከል ግን የትርጉሙ ልዩነት 1,048,576 እጥፍ ነው። በየትኛው ገበያ ነው በኪሎና በጣሳ መካከል እንዲህ ያለ ርቀት ያለው?

በእርግጥ ዶከርና ጃቫ ይህን ቁጥር ሲያዩ ይጮኻሉ። ዶከር ከ6 ሜጋባይት በታች አልቀበልም ይላል፣ ጃቫም ሜሞሪው በጣም ትንሽ ነው ብሎ ለመነሳት እምቢ ይላል። ተጠቃሚው ይናደዳል፣ ግን ምንም አልጠፋበትም። ጩኸት ጸጋ ነው። አደጋው ያለው እሺ የሚለው ዘንድ ነው። ቨርሽ በሥራ ላይ ላለ ማሽን 2048 ሲባል «ኪሎ ነው ሜጋ?» ሳይል ሜሞሪውን ሊነጥቅ ይነሳል፣ ውስጥ ያለው ሲስተምም ታንቆ ሊቆም ይችላል። ያ ማሽን የአንድ ሆስፒታል ወይም የአንድ ቁጠባ ማኅበር መዝገብ የተቀመጠበት ሊሆን ይችላል።

የባሰም አለ። ኩበርኔቲስ የሚባለው፣ ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች ሰርቨሮቻቸውን የሚመሩበት ሥርዓት፣ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ «ኤም» ለይቶ ነው የሚያነበው። ትልቁ ሜጋ ነው፣ ትንሹ ደግሞ «አንድ ሺህኛ» ነው። ስለዚህ 400 ብሎ ትንሹን ኤም ያስከተለ ሰው የጠየቀው 400 ሜጋባይት ሳይሆን 0.4 ባይት ነው። ግማሽ ባይት የማይሞላ ሜሞሪ! በዓለም ላይ ይህን የሚፈልግ ሰው የለም፣ ሊኖርም አይችልም። መመሪያው ራሱ ይህን ስህተት በስም ጠቅሶ «እንዳትሳሳቱ» ይላል። ገደሉን ማጠር ሲገባ አፋፉ ላይ ማስታወቂያ መትከል ይሉሃል ይህ ነው።

አሃዱ ሲጻፍስ ጉዳዩ ያልቃል? አያልቅም። ባለ 64 ጊጋ ፍላሽ ገዝቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው 59.6 የሚያሳየው ሰው «ተጭበረበርኩ» ይላል። ነጋዴው አላጭበረበረውም። የፍላሹ ፋብሪካ ጊጋን በሺህ እያባዛ ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1024 እያባዛ። ልዩነቱ በኪሎ ደረጃ 2.4 በመቶ ነው፣ በሜጋ ወደ 5 ይጠጋል፣ በጊጋ ከ7 ያልፋል፣ በቴራ 10 ገደማ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ይህን ለመገላገል እ.ኤ.አ. በ1998 «ኪቢ»፣ «ሜቢ»፣ «ጊቢ» የሚሉ አዳዲስ ስሞች ለ1024ቱ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፣ እስካሁን ግን ዶከር ሜጋ ሲባል 1024ን ይይዛል፣ ኩበርኔቲስ በትልቁ ኤም ሺህን ይይዛል። ሁለቱም አንድ ሰርቨር ላይ፣ በአንድ ባለሙያ እጅ፣ በአንድ ቀን ያገለግላሉ።

የመሣሪያዎቹ ሠሪዎች ሁለት መከላከያ አላቸው። አንዱ «መመሪያው ላይ ተጽፏል» ነው። ተጽፏል፣ በእንግሊዝኛ፣ በረጅም ሰነድ መሐል፣ በአንድ መስመር። መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ በሜጋባይት ሒሳብ በገዛው የኢንተርኔት ፓኬጅ የሚሠራ የኮላ ድባ ወጣት ያቺን መስመር ፈልጎ እንዲያገኝ ይጠበቃል። ደግሞስ ጥያቄው ተጽፏል ወይ አይደለም፣ ለምን አልተጠየቀም ነው። ውል ላይ በጥቃቅን ፊደል ጽፎ «ፈርመሃል» ማለትን በሌላው ኑሯችን ምን እንደምንለው እናውቃለን።

ሁለተኛው መከላከያ ከበድ ይላል። «የድሮ ትእዛዞች እንዳይበላሹ ነው» ይላሉ። ከዓመታት በፊት ባዶ ቁጥር ይዘው የተጻፉ ብዙ ትእዛዞች ዛሬም ይሠራሉ፣ ዛሬ ተነስቶ ባዶ ቁጥር አልቀበልም ማለት እነዚያን ሁሉ ማቆም ነው። ይህ እውነት ነው፣ ሊናቅም አይገባም። ግን ለአሮጌው መሣሪያ እንኳ መውጫ አለው። ይቀበል፣ ነገር ግን ከመጀመሩ በፊት «2048 ሜጋባይት መድቤያለሁ» ብሎ የተረዳውን ጮክ ብሎ ይንገር፣ ከጊዜ በኋላ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ይጨምር። ትናንት ለተወለደው አዲስ መሣሪያ ግን ምን የድሮ ትእዛዝ አለበት? ያለ አሃዱ የመጣን ቁጥር መመለስ የጥቂት መስመር ሥራ ነው። አለመሥራቱ ስንፍና ነው፣ «ለተጠቃሚው እንዲቀል ብለን ነው» የሚለውም የስንፍናው ካባ ነው።

የሚከፍለው ደግሞ ሁሉም እኩል አይደለም። ባለ 64 ጊጋ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ መሐንዲስ ግምቱ ቢሳሳትበት አይሰማውም። ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ያለው ግን አንድ ጊጋ በስህተት ሲሄድበት ዊንዶውሱም ውስጡ ያለው ማሽንም አብረው ይደርቃሉ። እሱም «ኮምፒውተሬ አይችልም» ወይም «እኔ አይገባኝም» ብሎ ይተወዋል። ስንቱ በዚህ ተሸኝቷል!

ባዶ ቁጥር አውሮፕላንም አውርዷል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 ከሞንትሪያል ተነስቶ ወደ ኤድመንተን ሲበር ሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። የሚያስፈልገው 22,300 ኪሎ ግራም ነበር። ነዳጁ በሊትር ተለክቶ ወደ ክብደት ሲቀየር የተሰጠው ማባዣ 1.77 የሚል ነበር። 1.77 ምን? በሊትር ፓውንድ ነበር፣ ሠራተኞቹ ግን ኪሎ ብለው አሰሉ። የተሞላው ከሚያስፈልገው ከግማሽ በታች ሆነ። አብራሪዎቹ ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን ጊምሊ በተባለ ቦታ በነበረ አሮጌ የጦር ማኮብኮቢያ ላይ አሳረፉት። ማንም አልሞተም፣ ግን በጥበብና በዕድል እንጂ በቁጥሩ አይደለም።

ሩቅ ከመሄድ ደግሞ ደምቢያን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደምቢያ ሜዳ ላይ የወረደው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ፈጅቷል። በ1954 ለተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ ለዛሬው ዩኒቨርሲቲ፣ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱም ይኸው እልቂት ነው። ኮላ ድባ ጤና ጣቢያም የኮሌጁ ተማሪዎች ወጥተው የሚሠለጥኑበት ቦታ ነበር። እነዚያ ባለሙያዎች ይዘውት ከወጡት መድኃኒት አንዱ ክሎሮኪን ነው። የተለመደው የክሎሮኪን ፎስፌት ፍሬ በጨውነቱ ሲለካ 250 ሚሊ ግራም ነው፣ ውስጡ ያለው ዋናው መድኃኒት ሲለካ ግን 150። ፍሬው ያው አንድ ፍሬ ነው። በዋናው መድኃኒት የታሰበን መጠን በጨው ለክቶ የሰጠ ሰው ለሕፃኑ መድኃኒቱን በ40 በመቶ አጉድሎበታል፣ ተገላቢጦሹን ያደረገ ደግሞ መርዞታል። ስለዚህ ጥሩ የጤና ባለሙያ ቁጥሩን ብቻ አይጽፍም። ሚሊ ግራም መሆኑን፣ የምን ሚሊ ግራም መሆኑንም ይጽፋል። የጤና ሙያ ይህን ልማድ ያደረገው ሰው ስለሞተበት ነው። ሶፍትዌር እስኪሞትበት መጠበቅ አለበት?

ይህን ሁሉ በውጭ ሰዎች ላይ ብቻ አላክኮ መተው ደግሞ አይቻልም። ለኢትዮጵያ በኢትዮጵያውያን እየተሠሩ ያሉ ሲስተሞችም ያንኑ ኃጢአት ይደግማሉ። 05/06/2016 የሚል ቀን ያለ ማብራሪያ የሚቀበል ቅጽ አራት ትርጉም ያለው ነገር ነው የተቀበለው፦ የካቲት 5፣ ጥር 6፣ የፈረንጆቹ ጁን 5 ወይም ሜይ 6። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ዕድሜ፣ ጡረታ፣ የመሬት ኪራይ ዘመን በዚህ ላይ ነው የሚቆጠረው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። አንድ ሆስፒታል ጎንደር ላይ የቀጠሮ ወረቀት በማሽን ቢያትምና «8:00» ብቻ ቢል፣ ሲስተሙ ያሰበው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ከደምቢያ ገጠር ታማሚ ይዞ የሚመጣ ሰው ደግሞ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ይደርሳል፣ ሐኪሙ የጠዋት ተራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ። ወረቀቱ ላይ የጎደለው «ከጠዋቱ» የምትል አንዲት ቃል ናት፣ ያችን ቃል የመጻፍ ግዴታ ያለበትም ሲስተሙን የሠራው ሰው እንጂ ታማሚውን አዝሎ የመጣው አይደለም።