ስለ ሳቅና ስማቸው ስላልተጻፈ ሠዓሊዎች



በእንግሊዝ አገር ከሚገኙ የሐበሻ ጉባኤዎች በአንዱ ላገለግል ሄጄ በነበረ ጊዜ፣ ያሳደረኝ ቤተሰብ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረው። እናቱ ከእራት በኋላ አንድ ክምር መጽሔት አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «ፓስተር፣ እስኪ ይህን ይዩልኝ። አስተማሪ ማብሸቅ፣ ጎረቤት ማስጨነቅ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስለ ፈስና ስለ ንፍጥ መሳቅ ብቻ ነው። ልጄ ሌላ ነገር አያነብም። ልጣለው?» አለችኝ። ልጁ በሩ አጠገብ ቆሞ ፊት ፊቴን ያያል።

«እህቴ፣ እስከ ነገ ስጪኝ» አልኳትና ይዤው ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ሌሊት ቤተሰቡን እንዳልቀሰቅስ አፌን በትራስ ይዤ ሳቅሁ። ከዚያም ወደ አገሬ ስመለስ ስለ መጽሔቱና ስለ ሠዓሊዎቹ ማንበብ ጀመርኩ።

መጽሔቱ «ቢኖ» ይባላል። በስኮትላንድ በደንዲ ከተማ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1938 መታተም የጀመረ የልጆች የሥዕል ቀልድ ነው። ታላቅ ወንድሙ «ዳንዲ» የወጣው ደግሞ በታኅሣሥ 1937 ነው። በ1950 «ቢኖ» በሳምንት ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ይሸጥ ነበር። ጦርነትና ራሽን ባደከመው አገር፣ ልጆች በሳንቲማቸው የሚገዙት ሳቅ ነበር። ከ1951 ጀምሮ ዴቪድ ሎው የሣለው ጸጉረ ጨብራራ አጥፊ ልጅ ዴኒስ መጣ። ሊዮ ባክሰንዴል ሚኒ የምትባል ነገረኛ ልጅና አንድ ክፍል ሙሉ የማይገሩ ተማሪዎችን ሣለ። ኬን ሪድ ደግሞ የረገጠው መርከብ ሁሉ የሚሰምጥበትን መርከበኛ ፈጠረ። ስሙ ዮናስ ነው! የነቢዩን ታሪክ የማያውቅ ሰው ይህን ቀልድ አይቀልድም።

እነዚህን መጽሔቶች በልጅነታቸው ያነበቡ ሰዎች ዛሬ አያት ሆነዋል፤ ፍቅራቸው ግን አልቀዘቀዘም። ይህን ፍቅር ሳጠና ልቤን የነካው ነገር ግን ቀልዱ አልነበረም። አሳታሚው ድርጅት ዲ ሲ ቶምሰን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ሠዓሊዎቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ አይፈቅድም ነበር። ልጆቹ ማን እንደሚሥልላቸው አያውቁም። ነገር ግን እጁን ያውቁታል! የአፍንጫው አሣሣል፣ የእግሩ አጣጣል፣ ከጥግ የምታሾልቀው ድመት፤ «ይህ የእርሱ ነው፣ ይህ ደግሞ የሌላ ሰው ነው» ብለው ይለያሉ። አድገው ሲጠይቁ፣ ሲያፈላልጉ፣ የሠዓሊዎቹን ስም አወቁ፤ የተረሱ ሥራዎቻቸውም ተሰብስበው በጥራዝ ታተሙ። እኔ ይህን ተራ አድናቂነት ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የደከመን ሰው በስሙ መጥራት ጽድቅ ያለበት ነገር ነው።

መጽሐፍ ቅዱሳችንም ይህን ያውቃል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን የሚሠራውን የእጅ ባለሙያ ባስልኤልን በስሙ ከነአባቱና ከነነገዱ ይጠራዋል። በሮሜ መልእክት መጨረሻም በጳውሎስ ሰላምታ መካከል ጸሐፊው ጤርጥዮስ ብቅ ብሎ በራሱ ስም ሰላም ይላል። ጳውሎስ አልከለከለውም። ስንት ጉባኤ ነው የድምፅ ባለሙያውን፣ ወንበር ደርዳሪውን፣ የመዝሙሩን ደራሲ ስም የማያውቅ?

የስም ነገር የእንጀራም ነገር ነው። ባክሰንዴል በ1962 ከድርጅቱ ወጣ። የፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት ግን በሌሎች እጅ መሣላቸው፣ መሸጣቸው ቀጠለ። ስለ መብቱ የጀመረው ክርክር ዓመታት ፈጅቶ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ስለ ተከለከለ ደመወዝ የሚናገረውን የምንሰብክ ሰዎች፣ ይህ ጉዳይ «የዓለም ነው» ብለን ልናልፈው አይገባም።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀኝ ግን ዱድሊ ዋትኪንስ ነው። «ዳንዲ» ላይ ያንን ግዙፍ ሰው ዴስፐሬት ዳንን የሣለው እርሱ ነው። ዳን ጺሙን በነበልባል የሚላጭ፣ ቀንዷ ከነሊጡ ወጥቶ የሚታይ ሙሉ ላም የተጋገረችበትን ፓይ የሚበላ ሰው ነው። ዋትኪንስ አጥባቂ አማኝ ነበር። ስማቸውን እንዲጽፉ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ሠዓሊዎች አንዱም ነበር፤ ለወንጌል ተልእኮ ሥራም ይሥል ነበር። በነሐሴ 1969 የሞተው በሥዕል ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው። ያ ያመነ እጅ የላም ቀንድ ያለውን ፓይም፣ ለተልእኮ የሚሆነውንም ሣለ። ሁለት እጅ አልነበረውም። እኛስ መንፈሳዊ ለመሆን ሳቃችንን በር ላይ ትተን መግባት እንዳለብን ማን ነገረን? የተስፋው ልጅ ስም እንኳ ይስሐቅ ነው፤ ስሙ በሳቅ ላይ የቆመ ነው። ኤልያስም በቀርሜሎስ በበኣል ነቢያት ላይ ያፌዘው ፌዝ ዛሬም ፈገግ ያሰኛል።

እዚህ ላይ አንድ ወንድም፣ «ፓስተር፣ ታዲያ ሁሉም ተፈቀደ ማለት ነው?» ይለኛል። አይደለም። በ1979 በኒውካስል ከተማ ክሪስ ዶናልድ የሚባል ወጣት ከወንድሙና ከጓደኛው ጋር «ቪዝ» የተባለ መጽሔት በ150 ቅጂ ጀመረ። ከአሥር ዓመት በኋላ የአንዱ ዕትም ሽያጭ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። የልጆቹን መጽሔት መልክ ወስዶ የአዋቂ ስድብና ብልግና ሞላበት። አድናቂዎቹ የሚወዱበትን ምክንያት እረዳለሁ፤ የጋዜጦችን የውሸት ቁምነገር፣ የትልልቅ ሰዎችን ኩራት ያራቁታል። ነገር ግን ጳውሎስ በኤፌሶን ምዕራፍ 5 ከቅዱሳን አፍ የሚያርቀው ነውረኛ ንግግር እንዲህ ያለው ነው። ሴትን በገላዋ መዝለፍ ቢያስቅም ነውር ነው። እኔ ወደ ቤቴ አላስገባውም።

የልጆቹም መጽሔት ቢሆን ነቀፌታ አላጣም። ዴኒስ ዋልተር የሚባለውን ጭምት ልጅ ለረጅም ዘመን ሲያሠቃየው ኖሯል። ይህ ደካማን ማጥቃት ነው ተብሎ ተተችቶ በኋላ ለዘብ ተደርጓል። መልካም አደረጉ። እንግዲህ የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ የሚሳቀው በማን ላይ ነው? በኩሩው፣ በጉረኛው፣ በራሳችን ላይ ከሆነ ሳቁ ትሕትና ሊያስተምረን ይችላል። በደካማው፣ በድሃው፣ በተዋረደው ላይ ከሆነ፣ አንድም ጸያፍ ቃል ባይኖርበት እንኳ ቆሻሻ ነው። ንፍጥ ይታጠባል፤ ንቀት ግን ልብ ውስጥ ይቀራል።

ይህን የምጽፈው ከበላይ ሆኜ አይደለም። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ የወጣቶች ኃላፊ ሳለሁ፣ አንድ የመዘምራን አባል የሆነ ልጅ እኔን ሣለኝ። አንገቴን እንደ ሰጎን አርዝሞ፣ ከረባቴን እስከ ጉልበቴ አውርዶ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ ቀስሮ። ወጣቶቹ እየተቀባበሉት ሲስቁ ደረስኩ። ቀማሁና በሁሉም ፊት ቀደድኩት። «በአገልጋይ ላይ መሳለቅ» ብዬም አስተማርኩበት። ልጁ ከዚያ በኋላ ሲሥል አልታየም፤ ከጥቂት ወራት በኋላም መምጣቱን አቆመ። ያን ጊዜ የተከላከልኩት ቅድስናን መስሎኝ ነበር። የተከላከልኩት ከረባቴን ነው። ሥዕሉ ደግሞ፣ አሁን ሳስበው፣ ትክክል ነበር።

ወንድሜ ሆይ፣ ይህን ካነበብህ፣ የቀደድኩት በሰው ፊት ስለ ነበር ይቅርታም የምጠይቅህ በሰው ፊት ነው። በድዬሃለሁ። ስጦታህ ከእግዚአብሔር ነበር፤ የሳቁበትም ሰው ሊሳቅበት ይገባ ነበር።

ለዚያች እናት በማግስቱ ጠዋት፣ «አትጣይው፤ አብረሽው አንብቢ። የሚሳቀው በማን ላይ እንደ ሆነ ጠይቂው፤ የሠዓሊውንም ስም ፈልጉ» አልኳት። ልጁ ግን የእኛን ምክር አልሰማም። መጽሔቱን ከእጄ ተቀብሎ እየገለጠ፣ «የቱ ጋ ነው የሳቁት?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ አሳየሁት።

ጸጋው ከሁላችሁ ጋር ይሁን።