የተቀደደው ገጽ የማን ነበር?

ይህን የምንጽፍላችሁ የፈተና ሰሞን ስለሆነ ነው።

በዚህ ሰሞን ላይብረሪ ገብቶ የፈለገውን መጽሐፍ ያላጣ ማን አለ? ካታሎጉ አለ ይላል፤ መደርደሪያው ላይ ግን የለም። ቆይቶ ከሌላ ትምህርት ክፍል መጻሕፍት ኋላ ተሸጉጦ ይገኛል። አንዱ «ነገም እንዳገኘው» ብሎ ደብቆታል። አንዳንዴ ደግሞ መጽሐፉ በቦታው ይገኝና ለፈተናው የሚያስፈልገው ምዕራፍ በምላጭ ተቆርጦ ተወስዷል። ሌላውን ለመውቀስ አልተነሳንም፤ ከመካከላችንም ይህን ያደረግን አለን። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር።

ነገሩን ቀላል ያደረገብን «የመንግሥት ንብረት ነው» የሚለው አባባል ነው። የመንግሥት ሲባል የማንም ያልሆነ ይመስለናል። እስኪ ባለቤቱን በስሙ ባይሆን እንኳ በአገሩ እንፈልገው።

ከላይ ጋይንትና ታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ተማሪዎች መጽሐፍ ማጣት ምን እንደሆነ እናውቃለን። አንዱን መማሪያ መጽሐፍ ለሦስት ለአራት ሆነን በየተራ አድረንበታል። መምህሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፈውን ገልብጠን፣ ያችን ደብተር ይዘን ለ12ኛ ክፍል ፈተና የተቀመጥን አለን። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፉ በወቅቱ ታትሞ ስላልተዳረሰ ብዙ ቦታ ተማሪው «በስልክ አንብብ» ተባለ። በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ግን ግጭቱ ተባብሶ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘጉ። ስልክ ለሌለው፣ ቢኖረውም መብራት ለማያገኝ የገጠር ልጅ ፒዲኤፍ መጽሐፍ አይሆነውም።

ውጤቱንም አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠው ለ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ሲሆን፣ በአገር አቀፍ ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የመጽሐፍ እጥረት ብቻውን ይህን አመጣ አንልም። ነገር ግን ያለ መጽሐፍ የተማረ ልጅ ያንን ሁሉ አልፎ እዚህ ግቢ ሲደርስ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጻሕፍት የተሞላ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን ካላለፈ ዲግሪውን አያገኝም። እኛ በምላጭ የቆረጥነው ገጽ ያ ልጅ ነገ የሚፈልገው ነው። እሱ ከኛው ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጣ ታናሽ ወንድማችን ሊሆን ይችላል፤ ክርስቲያን ጎረቤታችንም ሊሆን ይችላል። ሐቁ ግን አንድ ነው።

አላህ አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ በቁርኣን አዞናል። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) አማናን ማጉደልን ከሙናፊቅ ምልክቶች ቆጥረውታል። ዑለማዎቻችን እንደሚያስተምሩን የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ተውበት የሚሟላው ሐቁን ሲመልስ ወይም ባለሐቁን አውፍ ሲያስብል ነው። ገንዘብ የወሰድንበትን ሰው ፈልገን ልናገኘው እንችላለን። ያንን ገጽ ፈልጎ ያጣውንና ከእኛ በኋላ የሚመጣውን ተማሪ ሁሉ ግን የት ፈልገን አውፍ እንበል?

ቀደምቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ከስማዳ በሽሎን ተሻግሮ ባለው በወሎ፣ እንደ ዳናና ገታ ወዳሉ የዒልም ማዕከላት ደረሳው ስንቁን ይዞ በእግሩ ይጓዝ ነበር። ኪታቡንም በእጁ እየገለበጠ ይቀራ ነበር። ኪታብ ያለው ሰው ደግሞ ለአላህ ብሎ ወቅፍ ያደርገዋል። በአገራችን የእጅ ጽሑፎች ላይ ይህን የሚገልጹ ማስታወሻዎች ዛሬም ይገኛሉ። ወቅፍ የሆነ ኪታብ አይሸጥም፣ አይወረስም፤ የሚቀራበት ሁሉ ነው። የላይብረሪውንም መጽሐፍ በዚሁ ዓይን ብናየው ምን ይከብደናል?

«እኔ ብተወው ሌላው ይደብቀዋል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሊደብቀው ይችላል። ግን የሌላው ጥፋት ለኛ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ያለ መደበቅ ማጥናት ይቻላል። የሚያስፈልገንን ገጽ ፎቶ ማንሳት ምላጭ ከመፈለግ ይፈጥናል። አራት ሆነን በአንድ መጽሐፍ ብናጠና፣ እያንዳንዳችን አንድ ምዕራፍ አንብበን ለሦስቱ ብናስረዳ፣ ማስረዳት ያቃተን ቦታ ያልገባን መሆኑን ወዲያው እናውቃለን። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችንም መልሱን ሳናይ እንሞክር፤ የተሳሳትነውን ወደ መጽሐፉ ተመልሰን እንየው። ጥያቄና መልስ ብቻ የሸመደደ ተማሪ ጥያቄው ትንሽ ዞር ሲልበት ይጠፋበታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃችኋለን። አንደኛ፣ የደበቅነውን መጽሐፍ ከመጪው ጁሙዓ በፊት ወደ ቦታው እንመልስ። የቆረጥነው ገጽ እጃችን ላይ ካለ ለላይብረሪው ሠራተኛ እንስጥ፤ ማፈር ካለም እዚህ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ጨርሰን ያስቀመጥናቸውን የ2ኛ ደረጃ አጋዥ መጻሕፍትና የፈተና ጥያቄዎች ክረምት ሳይገባ ለጀመዓው እናምጣ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ወደ አገር የምንገባ ልጆች ለነፋስ መውጫ፣ ለአርብ ገበያ፣ ለወገዳና ለመካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ቤተ መጻሕፍት እናደርሳለን። ለትምህርት ቤቱ የምንሰጠው ለሁሉም ተማሪ እንዲሆን ነው፤ የማን ልጅ እንዳነበበው አንጠይቅም።

አንድ አጋዥ መጽሐፍ አልጋችን ሥር አቧራ ሲጠጣ ምንም አይጠቅመንም። ወገዳ ደርሶ አንድ ልጅ ቢያልፍበት ግን፣ እኛ ከሞትን በኋላም ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቀተል ጃሪያ ይሆንልናል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይስጠን፤ ፈተናችንንም ያግራልን። አሚን።