ሴንሰሩ ከመተከሉ በፊት ቁልፉን የሚይዘው ሰው ይታወቅ

ከብስራተ ገብርኤል ወደ መካኒሳና ለፍቶ ዝቅ ሲባል ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይገኛል። በወንዙ ዳር የለሙ የአትክልት ማሳዎች ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ሲያቀርቡ አስርት ዓመታትን አስቆጥረዋል። ውሃው ግን የቤት ፍሳሽንም፣ የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽም ይዞ የሚወርድ ነው። በአቃቂ ውሃ በለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። የውሃው ቀለም ወይም ጠረን ሲለወጥ ሞተሩን ለማጥፋት አርሶ አደሩ አስተማሪ አያስፈልገውም። ነገር ግን ሁሉም ብክለት ቀለምና ጠረን የለውም፤ ቢኖረውም የሚታወቀው ማሳው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ገመድ አልባ የሴንሰር መረብ ሊረዳ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ እንደ ስሙ የሚያስፈራ አይደለም። ውሃ ውስጥ የሚነከር መለኪያ፣ ባትሪ፣ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳና ራዲዮ በአንድ ሳጥን ይገጠማሉ። ሳጥኑ በየአሥራ አምስት ደቂቃው ነቅቶ ይለካል፣ ቁጥሩን ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። ባትሪው ብዙ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚተኛ ነው። ሎራ የተባለው የራዲዮ ዘዴ ጥቂት ቁጥሮችን በትንሽ ኃይል ብዙ ርቀት ያሻግራል። የወንዙ ሸለቆ ግን ዝቅ ያለ በመሆኑ ሞገዱ በገደልና በሕንፃ ይጋረዳል። ስለዚህ መቀበያው ከፍ ባለ ቦታ፣ ለምሳሌ በብስራተ ገብርኤል በኩል ካሉት ፎቆች በአንዱ ጣሪያ ላይ መሰቀል ይኖርበታል። ከዚያ መልእክቱ በሞባይል ኔትወርክ ወደ አርሶ አደሩ ስልክ ይደርሳል።

ምን እንደሚለካ በግልጽ መነገር አለበት። ርካሽ መለኪያ ክሮሚየምን ወይም እርሳስን አይለይም፤ ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የሚለካው የውሃውን የአሲድነት ደረጃ፣ ሙቀቱን፣ ድፍርስነቱንና ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን ነው። የመጨረሻው ለትንሹ አቃቂ ትልቅ ትርጉም አለው። ቆዳ እንዳይበሰብስ በጨው ስለሚታሽ የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨዋማ ይሆናል፤ ጨው የበዛበት ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ቁጥሩ በድንገት ከዘለለ ከላይ የተለቀቀ ነገር ሊኖር ይችላል። መለኪያው ከማሳው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ወደ ላይ ከተተከለ አርሶ አደሩ ሞተሩን ለማጥፋት ጊዜ ያገኛል። ከዚህ አልፎ ቃል የሚገባ ሻጭ ቢመጣ አትመኑት። ሳጥኑ ዝም አለ ማለት ውሃው ንጹህ ነው ማለት አይደለም፤ በአፈሩ ውስጥ ለዓመታት የተጠራቀመውንም ብረት አያይም። አንድ ወረዳ ሴንሰር ስላለ ብቻ ለአትክልቱ የጤና ዋስትና የሰጠ ቀን መሣሪያው ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

መትከል ቀላል ነው፤ ከባዱ ማቆየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የድንች በሽታን ቀድመው ለመከላከል ከመቶ በላይ ሴንሰሮችን በማሳ ላይ ተክለው ነበር። ውጤቱን ራሳቸው ሳይደብቁ ጽፈውታል፤ መሰብሰብ ከነበረበት መረጃ የደረሳቸው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ የሆነው ባለሙያም ገንዘብም ባልጠፋበት አገር ነው። በትንሹ አቃቂ ላይማ መለኪያው ብዙም ሳይቆይ አተላና ፌስታል ይለብሳል። በየሳምንቱ ካልታጠበና በየጊዜው ልኩ ካልተስተካከለ የተሳሳተ ቁጥር ይልካል። የክረምቱ ጎርፍ ደግሞ ሳጥኑን ከነምሰሶው ይዞት ሊሄድ ይችላል።

በሜጫ ወረዳ መራዊ አቅራቢያ ያለው የቆጋ መስኖ 7 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያለማ የተሠራ ነው። እዚያ ተመራማሪዎች ከአርሶ አደሮች ጋር የሞከሩት የውሃ መጠቆሚያ ራዲዮም ባትሪም የለውም። አፉ ሰፊ፣ ወደ ታች የሚጠብ ዕቃ አፈር ውስጥ ይቀበራል፤ ውሃው ሥሩ ወዳለበት ጥልቀት ሲደርስ ጠቋሚው ከመሬት በላይ ብቅ ይላል። አርሶ አደሩ አይቶ ውሃውን ያቆማል። ለዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ትልቅ አክብሮት አለኝ፤ ውሳኔው እዚያው ማሳው ላይ ያልቃል፣ የሚሰረቅ የይለፍ ቃልም የለውም። ራዲዮ የሚያስፈልገው የሚጠበቀው ነገር ዓይን ከማይደርስበት ሲመጣ ነው። የትንሹ አቃቂ ጉዳይ እንዲህ ያለ ነው።

የመረብ ደህንነት ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ከባሕር ማዶ የሚመጣን ጠላፊ ነው። የመጀመሪያው ስጋት ግን ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ የሚፈታ ሌባ ነው። ሁለተኛው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በአውስትራሊያ ማሩቺ በተባለ አካባቢ የፍሳሽ ማስወገጃው በራዲዮ የሚታዘዝ ነበር። መሣሪያውን የገጠመው ኩባንያ የቀድሞ ሠራተኛ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አልቀጥርም ሲለው፣ በላፕቶፕና በራዲዮ ፓምፖቹን እያዛባ 800 ሺህ ሊትር ገደማ ፍሳሽ በመናፈሻና በወንዝ ላይ እንዲለቀቅ አደረገ። የሁለት ዓመት እስራትም ተፈረደበት። የኛም ፕሮጀክቶች ያልቃሉ፣ ባለሙያው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይዛወራል፤ የይለፍ ቃሉ ግን አብሮት ይሄዳል። ሰው ሲለወጥ ቁልፉ መለወጥ አለበት። እያንዳንዱ ሳጥንም የየራሱ ምስጢራዊ ቁልፍ ይኑረው፤ ሁሉም በአንድ ቁልፍ ከሠሩ አንዱን የሰረቀ ሁሉንም ሰረቀ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ማጭበርበሪያ ደግሞ ኮምፒውተር እንኳ አይጠይቅም። ፍሳሽ ሊለቅ ያሰበ ሰው መለኪያውን አውጥቶ ንጹህ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ቢነክረው ስልኮቹ ሁሉ «ደህና ነው» ይላሉ። መከላከያው በተለያየ ቦታ ሁለት ወይም ሦስት ሳጥን አድርጎ ቁጥራቸውን ማነጻጸር ነው። በዚህ ምክንያት ሴንሰሩ ሞተሩን በራሱ እንዲያጠፋና እንዲያስነሳ መደረጉን አልደግፍም። እሱ ያስጠንቅቅ፣ ሰው ይወስን።

የገበያውም ነገር አለ። ማስጠንቀቂያው ከአርሶ አደሩ ቀድሞ ነጋዴው ጋ ከደረሰ፣ የዚያ ዕለት ቆስጣ ሃይሌ ጋርመንት ካለው የአትክልት ገበያ ሳይገባ ዋጋ ያጣል። ሸማቹ የማወቅ መብት አለው፤ ለእሱ የሚገባው ግን የላቦራቶሪ ውጤት እንጂ የአንድ ሰዓት ቁጥር አይደለም። የአርሶ አደሩ ስም፣ ስልክና የማሳው ቦታም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የሚመለከታቸው መረጃዎች ናቸው። በየቴሌግራም ቡድኑ የሚለጠፉ አይደሉም።

እስካሁን ያነሳሁት ሁሉ ሸክሙን አርሶ አደሩ ላይ ይጥላል። ሞተሩን ያጠፋው እሱ ነው፣ ችግኙ የሚጠወልግበትም እሱ ነው፤ ፍሳሹን የለቀቀው ግን ምንም አይጎድልበት። ስለዚህ ቁጥሩ የዘለለበት ሰዓትና ቦታ በዚያው ቅጽበት ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንም መድረስ አለበት። ማስረጃ የሚሆነው ተቆጣጣሪው ወርዶ የሚቀዳው ናሙና ነው፤ ሴንሰሩ መቼና የት መቅዳት እንዳለበት ይነግረዋል። ይህ ስምምነት ካልተጻፈ የወረዳ ኃላፊዎች ሳጥኑን ባይረከቡ ይሻላል።

ለመጀመር ትልቅ በጀት አያስፈልግም። በእጅ የሚያዝ አንድ መለኪያ ተገዝቶ ከጥቅምት እስከ የካቲት ጠዋት፣ ማታና ሌሊት ቁጥሩ በደብተር ይመዝገብ። ቁጥሩ የሚዘልበት ሰዓትና ከላይ እስከ ማሳው የሚፈጀው ጊዜ ያኔ ይታወቃል፤ ስንት ሳጥን፣ የት ቦታ እንደሚያስፈልግም ከደብተሩ ይወጣል። ግዢው ሲመጣ በጨረታው ሰነድ ላይ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን መለኪያውን በየሳምንቱ የሚያጥበው ሰው አበልም ይጻፍ።