«ባዶ ቦታ» የሚባል ሜዳ የለም

አብሮ አደጌ ከዱባይ ለዕረፍት መጥቶ ነበር። በመጣ በሦስተኛው ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ «እዚህ ከተማ ፓድል የሚጫወቱት የት ነው?» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን የምሩን ነው። እዚያ ከሥራ ሲወጣ በስልኩ ሜዳ ይይዛል፣ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ላቡን ያፈስሳል፣ ከዚያ ቤቱ ይገባል። አመል ሆኖበታል።

ለማያውቀው፦ ፓድል ቴኒስንና ስኳሽን ያዳቀለ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሜክሲኮ፣ አካፑልኮ ውስጥ ኤንሪኬ ኮርኩዌራ የተባለ ሰው በገዛ ቤቱ ግቢ የጀመረው ነው። ሁለት ለሁለት ይጫወቱታል። ሜዳው 20 ሜትር በ10 ሜትር፣ ዙሪያው መስታወትና የሽቦ አጥር ነው። ኳሷ መሬት ነጥራ ግድግዳ ብትመታም ጨዋታው ይቀጥላል።

«ፓድልማ የለም» አልኩት።
«እሺ ቴኒስ?»
«አንድ ሆቴል ውስጥ አለ። ለእንግዶቹ ነው።»
«ቅርጫት ኳስ?»
«ትምህርት ቤቱ ግቢ አለ። ቅዳሜና እሑድ በሩ ይዘጋል።»
«በቃ ተወው፤ ታች ሜዳ ወርደን ኳስ እንጫወት!»

ዝም አልኩ። ታች ሜዳ እኔና እሱ ያደግንበት ሜዳ ነው። ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል።

የከተማዬን ስም አልጠራም። አዳማ በሏት፣ ሐዋሳ በሏት፣ ደሴ በሏት፣ ጅማ በሏት፤ ታሪኩ አንድ ነው። የፓድሉ ነገር ይቆየንና አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በዚህ ከተማ የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ ሳይከፍል፣ ሳይባረር፣ መኪና ሳይገጨው የሚጫወትበት ቦታ የት ነው?

ሜዳው የታጠረ ሰሞን አምስት ሆነን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ነበር። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ተነሥተው ነው የተቀበሉን። ኮምፒዩተራቸውን ከፍተው ቦታውን አሳዩንና «ይኸው፣ ባዶ ቦታ እኮ ነው» አሉን። አብረውን የመጡት ጋሼ፣ የሠፈሩ አሠልጣኝ፣ «ልጄ፣ እኔ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ ልጅ አሳድጌያለሁ» አሏቸው። ኃላፊው ትንሽ አሰቡና «ካርታ አላችሁ?» አሉ።

ካርታ አልነበረንም። የሠፈር ሜዳ መቼ ካርታ ኖሮት ያውቃል?

የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ግንብ ያልቆመበት መሬት ሁሉ «ባዶ» ነው። ጠዋት የጤና ቡድን የሚሮጥበት፣ ከሰዓት ሕፃናት የሚራገጡበት፣ ክረምት ላይ የሠፈር ለሠፈር ዋንጫ የሚካሄድበት፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚጣልበት መሬት «ባዶ» ይባላል። ቤት የሠራበት ሰው ባለይዞታ ነው። ትውልድ ያሳደገበት ሠፈር ግን ማንም አይደለም።

ስሌቱንም እንየው። አንድ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ 105 ሜትር በ68 ሜትር ነው፤ 7,140 ካሬ ሜትር ማለት ነው። በ200 ካሬ ሲሸነሸን 35 ቦታ ይወጣዋል። እናንተ ሜዳ የምታዩበትን አንዳንዱ ሰው 35 ቦታ ያይበታል። መሬት እንዲህ በተወደደበት ከተማ ካርታ የሌለው ሜዳ ስንት ዓመት ይቆያል ብላችሁ ታስባላችሁ?

«የግሉ ዘርፍ ይሠራዋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ እየሠራም ነው። በየከተማው በሰዓት የሚከራዩ የሰው ሠራሽ ሣር ሜዳዎች ተከፍተዋል። እኔም አዋጥቼ ተጫውቼባቸዋለሁ፤ ጥሩ ናቸው። ነገ ፓድል የሚከፍት ባለሀብት ቢመጣ እሰየው ነው። ግን በሰዓት የሚከራይ ሜዳ ደመወዝ ላለው ሰው ነው። የ14 ዓመቱ ልጅ ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እህቱስ? ለእሷ ድሮም ከሜዳው ጥግ ነበር የሚተርፋት፤ አሁን ጥጉም የለም።

ደግሞም ገበያ ያመጣውን ገበያ ይወስደዋል። ስዊድንን ተመልከቱ። በኮሮና ጊዜ ፓድል እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ፣ መጋዘኑ ሁሉ የፓድል አዳራሽ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2023 ብዙዎቹ ከሠሩ። የስዊድን ልጅ ግን ሜዳ አልባ አልሆነም፤ የፓድሉ አዳራሽ ቢዘጋም የማዘጋጃ ቤቱ ሜዳ አለለት። እኛ ከሥር ምንም ሳይኖረን ነው የላይኛውን የምንጠብቀው።

ሌላው መልስ «የኮሪደር ልማቱን አታይም ወይ?» የሚል ነው። አያለሁ። ከአዲስ አበባ አልፎ ክልል ከተሞች ገብቷል። የእግረኛ መንገዱም፣ የብስክሌት መንገዱም፣ መብራቱም ጥሩ ነው፤ ማታ ማታ እኔም እሄድበታለሁ። ግን መንገድ ሰውን ያሳልፋል እንጂ አያውልም። ልጅ የሚውልበት ይፈልጋል። መዋያ ካጣ የሚያውሉት ሞልተዋል፤ ከታች ሜዳ አጥር ፊት ለፊት ያለውን ቤቲንግ ቤት ብቻ ማየት ይበቃል። ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ልጆች ዛሬ እዚያ ቁጭ ብለው በሌላ አገር ልጆች ኳስ ይወራረዳሉ።

ስለ ትልልቁ ስታዲየም ሁላችንም ጮኸናል። ተገቢም ነበር፤ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን «በሜዳው» 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ሜዳው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። ያ ያስቆጫል። ግን ስታዲየም ገብተው የሚጫወቱት 22 ሰዎች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ከሰማይ አልወረዱም፤ መጀመሪያ ኳስ የመቱት ካርታ በሌለው ሜዳ ላይ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት አለበት ይላል። የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 የሕፃናትን የመጫወት መብት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ ይህን የተቀበለችው ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ነው። መንግሥት ተለወጠ፣ ቃሉ ጸና፣ ሜዳው ግን አለቀ።

የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ በየቀበሌው የቀሩት ሜዳዎች ይቆጠሩ፣ ይለኩ፣ በነዋሪው ስም ካርታ ይውጣላቸው። ቀያሽና ማኅተም ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ሜዳ ለልማት የግድ ከተፈለገ ምትኩ በእግር በሚደረስበት ቦታ አስቀድሞ ይሰጥ። «በሂደት ይታያል» የሚለውን መልስ ጠግበነዋል።

ሦስተኛ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ቅዳሜና እሑድ ለሠፈሩ ልጆች ይከፈት። ለዘበኛው አበል ከተማው ይክፈል።

ፓድል ሊሠራ የሚመጣም ካለ፣ እንደማንኛውም ባለሀብት መሬቱን በሊዝ ይውሰድ፤ የጋራውን ሜዳ ግን አይንካ።

እናንተም አንድ ነገር አድርጉ። የሠፈራችሁን ሜዳ ስም፣ ያለበትን ቀበሌና ዛሬ ምን እንደሆነ ጻፉ። ቢያንስ ዝርዝሩ በእጃችን ይኑር፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ካርታ አላችሁ?» ስንባል የምናሳየው እንዳናጣ።

አብሮ አደጌ ከመመለሱ በፊት ታች ሜዳን ላሳየው ወሰድኩት። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅን። ከታጠረ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ድንጋይ አልተጣለበትም፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ የጎሉ ቋሚ ወድቋል።

አሁን ነው በእርግጥም ባዶ የሆነው።